ብረቱ የጤፉ ነው የአውድማው? ፍሬ በሌዘር የሚያነብ ላብራቶሪ ሞክሬ

የምግብ ቤት ግምገማ የለመዳችሁ ይቅር በሉኝ። ዛሬ የምገመግመው ላብራቶሪ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፤ የእህል ፍሬ ወይም ቅጠል ትልካላችሁ፣ እነሱ በሌዘር ረድፍ በረድፍ እየፋቁ ያነቡታል፣ ከዚያ ብረቱ የት ጋ እንዳለ፣ ዚንኩ የት ጋ እንደተቀመጠ፣ ካልሲየሙ የት ጋ እንደተከማቸ የሚያሳይ ባለቀለም ካርታ ይልኩላችኋል። የአንዲት ጤፍ ፍሬ ካርታ። አዎ፣ የአንዲት።

የምኖረው ጀርመን ነው። የምማረው ስለ ዕፅዋት አመጋገብ ነው፣ ማለትም ተክል ከአፈር ምን እንደሚወስድና የወሰደውን የት እንደሚያስቀምጥ። የላብራቶሪውን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ከምስጋናው ጋር ወቀሳም አለኝ፣ ወቀሳዬ ደግሞ የአንድ ደንበኛ ገጠመኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ሻንጣ ነው። ስመጣ ሦስት ኪሎ ቀይ ጤፍ፣ ሳይፈጭ፣ በጨርቅ ከረጢት አስራ ሰጠችኝ። «ለደምሽ ነው» አለች። ቀይ ጤፍ ብረት አለው የሚለውን ያልሰማ ሐበሻ የለም መቼም። እኔም ትምህርቱን ስጀምር ለማረጋገጥ ቸኮልኩ። ትንሽ ጤፍ ፈጭቼ፣ በአሲድ አሟሙቼ፣ ለመለኪያ ማሽኑ ሰጠሁ። ቁጥሩ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ለመምህሬ አሳየሁ። አየውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ይሄ ብረት የፍሬው ነው ወይስ የአፈሩ?»

መልስ አልነበረኝም። ሰውየው አውድማ አይቶ አያውቅም። እኔ ግን አይቻለሁ። መሬቱ በእበት ይለቀለቃል፣ ነዶው ይበተናል፣ በሬዎቹ እየዞሩ ይረግጡታል፣ ከዚያ በነፋስ ይዘራል። ምንም ያህል ቢለቀለቅ አፈሩ መነሳቱ አይቀርም። የጤፍ ፍሬ ደግሞ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ግራም ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ትቆጠራለች። ፍሬ ባነሰ ቁጥር ከክብደቱ አንፃር ላይ ላዩ ይበዛል፣ ስለዚህ አቧራ የሚይዝበት ቦታም ይበዛል። አፈር ደግሞ ብረት በብረት ነው። በኢትዮጵያ ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ የአውድማ አፈር መሆኑን የምግብ ተመራማሪዎች ካወቁት ቆይቷል፣ እኔ ነኝ ዘግይቼ የነቃሁት።

ፈጭቶ መለካት ስንት እንዳለ ይነግራል። የት እንዳለ አይነግርም። «የት» የሚለው ጥያቄ ቅንጦት ከመሰላችሁ በ2006 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን የአራቢዶፕሲስ ሥራ አስታውሱ። አራቢዶፕሲስ ለላብራቶሪ የምትመች ትንሽ አረም ናት። ብረትን ወደ ህዋስ ጓዳ (ቫኪዩል ወደሚባለው) የሚያስገባው ቪት1 የሚባል ፕሮቲን የሌላትን ተክል ከጤነኛዋ ጋር አነጻጸሩ። የዘሮቹ የብረት መጠን እኩል ነው። ፈጭቶ ለሚለካ ሰው ሁለቱ መንትያ ናቸው። በኤክስሬይ ሲያዩት ግን በጤነኛዋ ዘር ብረቱ በደም ስር መሰል መስመሮች ዙሪያ ተደርድሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በሌላዋ ደግሞ ከቦታው ወጥቶ ተበታትኗል። ብረት በሚቸግርበት አፈር ላይ ሲዘሩ ያቺ ብረቷ የተበታተነባት ችግኝ ደከመች። መጠኑ ያው፣ ቦታው ሌላ፣ ኑሮው ሌላ።

እኔም ቦታውን ማየት አለብኝ አልኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ርካሹን ነው፣ ይሄንንም ልገምግም። ፐርልስ ይባላል። ማክስ ፐርልስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1867 ለሰው ህብረ ህዋስ ያስተዋወቀው ቀለም ነው፣ እስከ ዛሬ ይሰራል። ፖታሲየም ፌሮሳያናይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተቀላቅለው ብረት ሲያገኙ ድምቅ ያለ ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ያው የድሮ ሠዓሊዎች የሚያውቁት የፕሩሲያ ሰማያዊ። የስንዴ ፍሬ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቄ ነከርኩት። ትንሽ ቆይቼ ባየው ሽሉ ሰማያዊ፣ ከልጣጩ ሥር ያለው ቀጭን ንብርብር (አሊዩሮን ይባላል) ሰማያዊ፣ መሃሉ፣ ማለትም ዱቄት የሚሆነው ትልቁ ክፍል፣ ነጭ። ባዶ። ፉርኖ ዱቄት ሲፈጭ ሽሉና ልጣጩ ወጥተው ፉርሽካ ይሆናሉ፣ ፉርሽካው ለላም ይሄዳል። ብረቱን ላሟ በላችው ማለት ነው። ይሄን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፣ በዓይኔ ሳየው ግን ሌላ ነው።

ለዚንክ ደግሞ ዲቲዞን የሚባል አለ፣ ቀይ ያደርገዋል። ሁለቱም ዋጋቸው ከሌዘሩ ጋር አይወዳደርም፣ ውጤታቸውም በዚያው ቀን ይታያል። ግን ሁለት ነገር እወቁ። ቀለሙ ስንት እንደሆነ አይነግራችሁም፣ የት እንደሆነ ብቻ። የፐርልስ ቀለም ደግሞ በዋናነት የሚያሳየው ባለ ሦስት ቻርጁን ብረት ነው፣ ባለ ሁለቱን ይዘለዋል። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፣ ፌሮሳያናይድ ከጠንካራ አሲድ ጋር ሲሞቅ መርዘኛ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። እባካችሁ ወጥ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

በጤፍ ላይ ግን ፐርልስ አልሆነልኝም። ፍሬዋን በምላጭ መሰንጠቅ ራሱ ጭንቅ ነው፣ ትፈናጠራለች። ከስንት አንዷ ስትሳካ ደግሞ ውጪዋ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አየሁ። አቧራ ይሁን ልጣጭ እንዴት ልወቅ? ቀለሙ ብረት ነው ይላል እንጂ ማን ያመጣው ብረት እንደሆነ አይልም።

ከዚያ ገንዘቤን ያቃጠልኩበት መጣ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያለው አንድ የአገልግሎት ክፍል አገኘሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ የኤክስሬይ መለያ ተገጥሞለታል፣ ኢዲኤክስ ይሉታል። ፎቶው እጅግ ያምራል። የስታርች እንክብሎቹ እንደ እንቁላል ተደርድረው ይታያሉ። ፎስፈረሱ፣ ፖታሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ ግሩም ሆኖ ወጣ። ብረቱስ? የብረቱ ካርታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጠመኔ የተነፋበት ይመስላል፣ ነጠብጣብ ብቻ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ባለሙያው ትከሻውን ነቅንቆ «ከመሣሪያው አቅም በታች ነው» አለኝ። ይሄ መሣሪያ በደህና የሚያየው በኪሎ አንድ ሺህ ሚሊግራም አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። እህል ውስጥ ያለ ብረት በኪሎ በአስሮች፣ ሲበዛ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ነው። ይሄን ከመጀመሪያው ያውቃል እኮ! ፎርሙ ላይ «ብረት» ብዬ በትልቁ ጽፌያለሁ። ማንም አልነገረኝም፣ ሂሳቡ ግን በሰዓቱ መጣ።

እዚያው ቦታ ሌላም ጥፋት ነበር። የጤፍ ችግኝ ቅጠልም አብሬ ሰጥቼ ነበር። እነሱ እንደ ልማዳቸው በግሉታራልዴሃይድ (ህዋሱን ባለበት ቅርጽ በሚያጸና ኬሚካል) ነከሩት፣ በውሃ አጠቡት፣ በአልኮል አለፉት። ለቅርጹ ጥሩ ነው። ፖታሲየም ግን ተክል ውስጥ ከምንም ጋር ሳይጣበቅ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ነው፣ ሲታጠብ አብሮ ይታጠባል። የቅጠሉ የፖታሲየም ካርታ ባዶ ሆኖ መጣ። ፖታሲየም የሌለው ቅጠል! እንደዚህ ያለ ቅጠል በምድር ላይ የለም። ለእርጥብ ነገር መንገዱ በፍጥነት ማቀዝቀዝ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን (ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ) ወይም በእሱ የቀዘቀዘ ፕሮፔን ውስጥ መንከር፣ ከዚያ ሳይቀልጥ መቁረጥ ወይም በበረዶነቱ ማድረቅ ነው። ስለዚህ የትኛውም ላብራቶሪ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ማሽኑ አይሁን። «ናሙናዬን ከማሽኑ በፊት ምን ታደርጉታላችሁ?» በሉ። መልሱ ውስጥ ውሃ ካለ ስልኩን ዝጉ፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ክሎራይድ የምትፈልጉ ከሆነ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሌዘሩ። ሙሉ ስሙ ሌዘር አብሌሽን አይሲፒ ኤም ኤስ ነው፣ ረጅም ስለሆነ ሌዘሩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስልክ ያነሳችው ቴክኒሻኗ ራሷ ናት። ይሄ ብቻውን ግማሽ ኮከብ ነው፣ ጀርመን ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሰው ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበላ እህል ነው ብዬ ስጀምር ጤፍን ታውቀዋለች፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ግሉተን የሌለበት ዱቄት ተብሎ በትንሽ ካርቶን ሲሸጥ አይታለች። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ። ምን ምን ንጥረ ነገር ትፈልጊያለሽ? ፖታሲየም አለበት? እንግዲያው ስናለሰልሰው ውሃ አንነካም። ፍሬው ታጥቧል አልታጠበም? አልታጠበም ስላት የታጠበም ጨምሪበት አለችኝ። «አፈር ከጠረጠርሽ ደግሞ አሉሚኒየምና ቲታኒየም አብረን እንቁጠር» አለች። የሁለት ወሩን ጥያቄዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈታችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲታኒየም አፈር ውስጥ ሞልቷል፣ ተክል ግን እምብዛም ወደ ፍሬው አያስገባውም። አሉሚኒየምም በአብዛኛው እህል እንደዚያው ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ ብረት ባለበት ነጥብ ቲታኒየምም ካለ፣ ያ ብረት የመጣው በእግር ተረግጦ ነው። ብረት ኖሮ ቲታኒየም ከሌለ ብረቱን ያስገባው ተክሉ ነው። ሌባው አሻራውን ጥሎ ይሄዳል።

ናሙናውን ስወስድ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ፍሬዎቹን ሙጫ በሚመስል ኢፖክሲ ውስጥ ቀበሯቸው፣ ሲደርቅ በመቁረጫ ማሽን ላይ ላዩን እየላጡ ፍሬው መሃል ድረስ ወረዱ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። ከዚያ ቁራሹ ትንሽ የታሸገች ክፍል ውስጥ ይገባል፣ በውስጧ ሂሊየም ይነፍሳል። ሌዘሩ 193 ናኖሜትር ነው፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት። ጠብ ጠብ እያለ ይመታል። የተነሳውን ብናኝ ሂሊየሙ ጠርጎ ወደ አርጎን ፕላዝማ ይወስደዋል። እዚያ ሙቀቱ በሺዎች ዲግሪ ይቆጠራል። ከናሙናው ሞለኪውል የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ አቶም ሆኖ፣ አዮን ሆኖ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ይገባል፣ እሱ በክብደታቸው እየለየ ይቆጥራል። የእኔ ነጥብ ስፋቷ 10 ማይክሮሜትር ነበረች። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ሚሊሜትር ለሆነ ቦታ 100 ረድፍ ማለት ነው። ሌዘሩ በሰከንድ 20 ማይክሮሜትር ሲሄድ አንዱ ረድፍ 50 ሰከንድ ይፈጃል። በመሃል መሃል ማረፊያ ሲጨመርበት፣ አንዲት ጤፍ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደች። በሁለት ሰዓት ስንት እንጀራ ይጋገር ነበር!

የሳበኝ አንድ ነገር ላንሳ። ዋናው የብረት ዓይነት ክብደቱ 56 ነው። ፕላዝማው ደግሞ የአርጎን ነው፣ አርጎን 40፣ አየርና ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 16። ሲጣመሩ 56። ማሽኑ የትኛው ብረት የትኛው አርጎን-ኦክሳይድ እንደሆነ በክብደት ብቻ መለየት አይችልም። ስለዚህ ወይ በጋዝ የተሞላ ማጣሪያ ክፍል ውስጥ ያሳልፉታል ወይ 57 ክብደት ያለውን ብርቅዬውን ብረት ይቆጥራሉ። ካልሲየምም እንደዚሁ፣ ዋናው 40 ነው፣ ከአርጎን ጋር ይምታታል፣ ስለዚህ 43ን ወይም 44ን ይወስዳሉ። «ብረቱን በስንት ነው የምትቆጥሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ካመነቱ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የእኔዎቹ ሳልጨርስ ነው የመለሱልኝ።

ውጤቱ ግሩም ነው፣ አልዋሽም። የፍሬዋ መሃል ጨለማ ነው፣ ስታርች ብቻ። ሽሏ በዚንክ ታበራለች። ብረቱ ሽሏ ጋ አለ፣ ከልጣጩ ሥርም እንደ ቀለበት ይዞራል፣ ፎስፈረሱም አብሮት አለ። ፎስፈረስና ብረት አብረው መታየታቸው መልካም ዜና ብቻ አይደለም። እህል ፎስፈረሱን የሚያከማቸው ፋይቴት በሚባል መልክ ነው፣ ፋይቴት ደግሞ ብረትንና ዚንክን አንቆ ይዞ አንጀታችን እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። እርሾ የሚጠቅመን አንዱ እዚህ ጋ ነው፣ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ከፊሉ ይፈርሳል። እንጀራ መኮምጠጡ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

እና ውጪው? ያልታጠበችው ፍሬ ላይ፣ ከልጣጩ ውጪ፣ ትንንሽ ቀይ የብረት እሳቶች። የቲታኒየሙን ካርታ ከፈትኩ። እዚያው ቦታ። አሉሚኒየሙን ከፈትኩ። እዚያው። አውድማው! የታጠበችው ላይ አብዛኛው ጠፍቷል፣ ፍሬዋ ላይ ባለችው ስርጉድ ቦታ የተሸጎጠው ግን አልወጣም። እንግዲህ ያየሁት ጥቂት ፍሬ ነው፣ ከጥቂት ፍሬ ስለ ሀገር ጤፍ አይወራም። የእኔ ከረጢት ጥያቄ ግን ተመለሰ፣ ሁለቱም አለ። የጤፉም የአውድማውም።

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። «እና አፈር ነው ያበላሁሽ ነው የምትይኝ?» አለች። አይ እማዬ፣ የጤፉም ብረት አለ ብላት «አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ጊዜ አንጓልዬ፣ ስንት ጊዜ ለቅሜ!» አይ ጣጣ። ሳይንስ ለቤተሰብ ሲነገር እንዲህ ነው።

ወቀሳዬ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ቀለሙ ነው። የላኩልኝ ካርታዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቀለም መለኪያ አላቸው። የታጠበችው ፍሬ ቀይ ማለት ሌላ ቁጥር፣ ያልታጠበችው ቀይ ማለት ሌላ ቁጥር። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ማጠቡ ምንም ያልቀነሰ ይመስላል፣ እንደውም የጨመረ። ፕሮግራሙ በራሱ ከፍተኛውን ቁጥር ቀይ አድርጎ ስለሚጀምር ነው። ሁለቱን በአንድ መለኪያ አድርጉልኝ ብዬ ጻፍኩ፣ ያለ ክፍያ አደረጉልኝ፣ ግን አሥር ቀን ፈጀ። ይሄ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጥሬ ቁጥሩን ከካርታው ጋር ጠይቁ፣ በራሳችሁ መሳል ትችላላችሁ። ፓይኤምሲኤ የሚባለውና ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ባለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮን እያዞረ ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያወጣ ግዙፍ ማሽን) የተሰራው ፕሮግራም ለኤክስሬይ ካርታ ነፃ ነው፣ ለሌዘርም የሚሆኑ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ።

ሁለተኛው መመዘኛው ነው። ቁጥሩን ወደ ሚሊግራም የቀየሩት ኒስት 612 በሚባል መስታወት ነው። መስታወት በሌዘር ሲመታ የሚነሳው ብናኝና ፍሬ ሲመታ የሚነሳው አንድ አይደለም። ለዕፅዋት የሚሻለው እንደ ፖም ቅጠል ዱቄት ያለ፣ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ተጨምቆ እንደ ክኒን ተሰርቶ አብሮ ሲነበብ ነው። ካርበንን እንደ ውስጣዊ ማመሳከሪያ ተጠቅመዋል፣ ይረዳል፣ አይበቃም። ስለዚህ ካርታውን አምናለሁ፣ ቁጥሩን በጥርጣሬ። ይሄንንም የነገረችኝ ያቺው ቴክኒሻን ናት፣ ሪፖርቱ ላይ ግን አንድም ቃል የለም። አፍ ላይ ያለው ወረቀት ላይ ቢኖር ምን ነበረበት?

ሦስተኛው ዋጋ። በሰዓት ነው የሚያስከፍሉት፣ ማዘጋጃው ለብቻ፣ ንባቡ ለብቻ፣ ሪፖርቱ ለብቻ። የመጨረሻውን ድምር ሳየው ወገቤን ነው ያዝኩት። ዩኒቨርሲቲው ግማሹን ባይሸፍን አልሞክረውም ነበር። ሌዘሩ ደግሞ ያነበበውን ይበላዋል፣ ተሳስተው ቢያነቡ ያቺን ገጽ መመለሻ የለም።

ሲንክሮትሮንስ? ለምትሉኝ፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው። ሃምቡርግ ያለው ፔትራ 3 ዙሪያው 2304 ሜትር ነው፣ ኤሌክትሮኖቹ እዚያ ቀለበት ውስጥ ሲጠማዘዙ የሚወጣው ኤክስሬይ ተጨምቆ ከማይክሮሜትር በታች ሊደርስ ይችላል። ሌዘሩ የማይችለውንም ይችላል፤ ብረቱ ባለ ሁለት ቻርጅ ነው ባለ ሦስት፣ ከምን ጋር ተያይዟል የሚለውን ይለያል፣ ፍሬውንም ሳይቆርጡ እንደ ሲቲ ስካን ከውስጥ ያሳያል። ዋጋው? ውጤቱን በይፋ ለሚያሳትም ተመራማሪ ነፃ ነው። ነፃ ማለት ግን ማመልከቻ ጽፈህ፣ ተወዳድረህ፣ ወራት ጠብቀህ፣ ካለፍክ ሌሊቱን ሙሉ ቡና እየጠጣህ የምትሰራበት ነው። የእኛ ክፍል ጓደኞች ሄደው ነበር፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነው የተመለሱት። እሱም ወጥመድ አለው፣ ንጥረ ነገሩን የሚለየው በሚያወጣው ኤክስሬይ ጉልበት (መስመር ይሉታል) ነውና። የፖታሲየም ሁለተኛው መስመር 3.59 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ፣ የካልሲየም ዋናው 3.69 ላይ ስለሆነ ፖታሲየም በበዛበት ቅጠል ላይ በደንብ ካልተለየ ሐሰተኛ ካልሲየም ይታያል።

አፍሪካ ውስጥ እስካሁን አንድም ሲንክሮትሮን የለም። በ2015 ግሬኖብል ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ብርሃን ምንጭ ጉባኤ ተደርጎ ነበር፣ ውይይቱ ይቀጥላል። ለእኛ የሚቀርበው ዮርዳኖስ ያለው ሰሳሚ ነው፣ በ2017 የተመረቀ፣ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ (ኤክስሬይ ሲመታው ናሙናው መልሶ በሚያወጣው ኤክስሬይ ንጥረ ነገሩን የሚለይ) ጣቢያም አለው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አይቴምባ ላብስ ደግሞ በፕሮቶን የሚያነብ መሣሪያ፣ ማይክሮ ፒክሲ የሚባለው፣ ለዓመታት በዕፅዋት ላይ ተሰርቶበታል፣ በተለይ ኒኬል በሚያከማቹት ላይ። ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ሰው ከሃምቡርግ በፊት እነዚህን ሁለቱን አይቼ ነበር የምጀምረው።

ሕይወት ባለው ተክል ውስጥ አዮን ሲንቀሳቀስ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያወራሁት ሁሉ አይሆናችሁም። ሌዘሩ የሚያነበው የሞተውን ነው። ለዚያ ካልሲየም ሲነካቸው የሚያበሩ ፕሮቲኖች ተክሉ ውስጥ ይገባሉ። በ2018 የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያሳዩትን ቪዲዮ ፈልጉና እዩ፤ አባጨጓሬ አንዱን ቅጠል ስትበላ የካልሲየም ማዕበል በሌላኛው ቅጠል ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ሲበራ ይታያል። እኔ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።

ታዲያ ለማን ምን? የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሰሩ፣ በጀት የሌላችሁ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ ወይም ባቄላ ይዛችሁ ከሆነ ከፐርልስና ከዲቲዞን አትለፉ፣ ፍሬው ትልቅ ነው፣ ምላጭ ይበቃዋል። ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ብቻ ከሆነ ጥያቄያችሁ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ጥሩ ነው፣ ደረቅ ፍሬ እስከሆነ ድረስ። ብረትና ዚንክ በትንሽ ፍሬ ውስጥ፣ በተለይ ደግሞ አፈር የምትጠረጥሩ ከሆነ ሌዘሩ። ቅጠሉ ገና በሕይወት እያለ ማየት ካማራችሁ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ማሽኖች አሉ፣ ነጥባቸው 20 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ ለጤፍ ሻካራ ናቸው፣ ለቅጠል ግን ይበቃሉ፣ ናሙናውንም አይበሉትም።

ለዚህ ላብራቶሪ ከአምስት አራት እሰጣለሁ። መስተንግዶው አምስት ነበር፣ የቀለም መለኪያውና ሪፖርቱ ናቸው የጎተቱት።

ሁለተኛ ዙር ይዣለሁ፣ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ነው። አሁን የምልከው ነጭ ጤፍ ነው። ከአንዱ ማሳ ግማሹ በአውድማ የተወቃ፣ ግማሹ ከዛላው በእጅ ታሽቶ በወረቀት ላይ የተራገፈ። የእጁን ያሸችው እማዬ ናት። በፖስታ ስትልከው ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ንጹህ» ብላ ጽፋበታለች።